ቆርኪና ፕላዝማ፦ በአንድ ግቢ ሳይተዋወቁ የኖሩ ሁለት ክፍሎች

በ1990ዎቹ መጨረሻ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍሎች ጎን ለጎን ቆመው ነበር። በአንደኛው በር ላይ በቀይ ቀለም «የትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከል» ተብሎ ተጽፏል። ውስጡ በሽቦ የተሰካ የለስላሳ ቆርኪ፣ ከሸክላ አፈር የተሠራ የሰው ልብ፣ ከካርቶን የተቆረጠ ሦስት ማዕዘን፣ ከሸምበቆ የተበጀ ሚዛን፣ በማዳበሪያ ጆንያ ላይ የተነደፈ የኢትዮጵያ ካርታ ነበረበት። በሁለተኛው ክፍል ፊት ለፊት ግድግዳ ላይ በብረት ሣጥን የተቆለፈ ፕላዝማ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። የመጀመሪያው ክፍል ቁልፍ በንብረት ክፍሉ ኃላፊ ኪስ፣ የሣጥኑ ቁልፍ ደግሞ በፕላዝማ ተጠሪው ኪስ ይውል ነበር። ሁለቱ ቁልፎች በአንድ ሰዓት ለአንድ ትምህርት ሲወጡ ያየሁበት ቀን የለም።

ነገሩ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ የአገራችንን የትምህርት ታሪክ መለስ ብሎ ለሚመረምር ሰው እነዚህ ሁለት ክፍሎች አንድ ትልቅ ጥያቄ ያነሣሉ። በእጅ የሚዳሰሰው ቁስ ነበረን። በኤሌክትሪክ የሚሠራው መሣሪያም፣ በውድ ዋጋም ቢሆን፣ መጣልን። በጋራ የመማር ልማድ ደግሞ ለጎጃም እንግዳ አይደለም። ታዲያ ሦስቱ በአንድ ክፍል ውስጥ ሳይገናኙ የቀሩት ስለ ምንድን ነው? «ድህነት ነው» የሚለው መልስ አያረካኝም፤ ፕላዝማ የገዛ መንግሥት ለክርና ለጠጠር ገንዘብ አጣ ሊባል አይችልምና።

ጎጃም ላይ ስለ ትምህርት የሚጽፍ ሰው ከቅኔ ቤት ሳይጀምር ቢቀር የአገሬው ሰው ይታዘበዋል። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ኤልያስ የሚሉት ስሞች በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ውስጥ ያላቸው ቦታ ለአንባቢ የሚነገር አይደለም። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁም ከዚሁ ማሳ የበቀሉ ናቸው። እኔ እዚህ ላይ ማንሣት የምፈልገው ዝናውን ሳይሆን አሠራሩን ነው። የቅኔ ተማሪ ከመምህሩ የሰማውን ይዞ ጠዋት ወደ ጥሻው ወይም ወደ መቃብር ሥፍራው ይሄዳል፤ ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል። ሲመለስ የቆጠረውን ለአስነጋሪው ይናገራል። አስነጋሪው ራሱ ተማሪ ነው፤ ከጀማሪው የቀደመ፣ ነገር ግን ገና ከመምህሩ እግር ሥር ያልተነሣ። የጎደለውን ይሞላለታል፣ የተጣመመውን ያቃናለታል፣ ቤት ያልመታውን ያስመታዋል። በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና የጀመረው ልጅ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ የሚደርሰው በዚህ ዓይነት፣ በእኩዮቹና በታላላቆቹ ፊት ዕለት ዕለት አዲስ ነገር እያቀረበ ነው። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ደግሞ ማምጣት አይፈቀድለትም።

ቁስስ ነበረ ወይ? ነበረ እንጂ። ፊደል ቆጣሪው ሕፃን በእጁ ስንደዶ ይዞ የፊደል ገበታውን እየነካ ነው «ሀ» ያለው። ሰምና ወርቅ የሚለው ስያሜ ራሱ የተወሰደው ከአንጥረኛ ቤት ነው፤ አንጥረኛው ቅርጹን በሰም ያበጃል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፣ ሰሙን አቅልጦ ካወጣ በኋላ በባዶው ላይ ወርቁን ያፈስሳል። የቅኔው መምህር ከሁሉ የረቀቀውን የቋንቋ ምሥጢር ለማስረዳት የመረጠው ምሳሌ ተማሪው በዓይኑ ያየውን የእጅ ሥራ ነበር። (አንጥረኛውን ራሱን ግን «ቡዳ» እያለ የሚሸሽ ማኅበረሰብ ነበረ፤ ይህን ሳንዘነጋ ነው።) ሥርዓቱን ማሞካሸት አልፈልግም። ንባብ ቤቱ በሽምደዳና በአለንጋ የታወቀ ነበር። የሴት ልጅ ቦታም ጠባብ ነበር፤ ዓይነ ስውሯ የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በጎጃም ምድር ወንዶችን አስተምረው ማስመረቃቸው እስከ ዛሬ እንደ ተአምር የሚተረከውም ስለዚህ ነው። ሆኖም አንድ ነገር እውነት ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው አድማጭ ብቻ ሆኖ የሚውልበት ቀን አልነበረም።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ጥቁር ሰሌዳንና ጠመኔን ይዞ ሲመጣ ተማሪውን በተርታ አስቀመጠው፤ ፊቱንም ወደ አንድ አቅጣጫ አዞረው። ይህን ተርታ ለመስበር የተደረገው የመጀመሪያው ሰፊ ሙከራ፣ እንደ እኔ ግምት፣ የማበልጸጊያ ማዕከላቱ ሥራ ነው። በደርግ ዘመን በየአውራጃው፣ ከዚያም በየትምህርት ቤቱ የትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከል ተቋቋመ። ዓላማው መምህራን በአካባቢያቸው ከሚገኝ ቁስ የትምህርት መርጃ መሣሪያ እንዲሠሩ ነበር። ለቁጥር ቆርኪና ስንጥር፣ ለሳይንስ ጣሳና የተቃጠለ አምፖል፣ ለጂኦግራፊ ጭቃና ጆንያ። አንደኛ ክፍል የገባ የዚያ ዘመን ልጅ በላስቲክ አንድ መቶ ቆርኪ ይዞ እንዲመጣ ታዞ ሠፈሩን ሲዞር ያልዋለ ካለ እጁን ያውጣ። ቆርኪው ደግሞ ብቻውን አይቆጠርም፤ ያንተ ሲያልቅ ከጎንህ ካለው ትበደራለህ፣ መበደርና መመለስም ራሱ ሒሳብ ነው። በኋላ ኢሕአዴግ ሥልጣን ሲይዝ ማዕከላቱ መልካቸውን ቀይረው የጉድኝት ማዕከል የሚባለው አደረጃጀት መጣ። ብዙዎቹ ግን ለሱፐርቪዥን ቀን ብቻ የሚከፈቱ፣ አቧራ የጠገቡ ሙዚየሞች ሆኑ። መርጃ መሣሪያው ተማሪው እንዲነካው ሳይሆን ከወረዳ የመጣው እንግዳ እንዲያየው ይደረደር ጀመር።

በኤሌክትሪክ የሚሠራው ወገን ታሪኩ ከፕላዝማ ይቀድማል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ ለአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የትምህርት ሥርጭት ይደረግ ነበር፤ ለገጠሩ የደረሰው ግን ሬዲዮ ነው። ስለ ትምህርት በሬዲዮ ብዙ ጊዜ በንቀት ይነገራል። እኔ ግን ከሁሉም ይልቅ ወደ ቁም ነገሩ የቀረበው እርሱ ነበር እላለሁ። በኋለኞቹ ዓመታት ለመጀመሪያ ደረጃ የእንግሊዝኛ ትምህርት በተዘጋጀው አሳታፊ የሬዲዮ ትምህርት፣ ተናጋሪው ጥያቄ ይጠይቅና ዝም ይላል። ዝምታው ለልጆቹ ነው። ልጆቹ ይነሣሉ፣ ይዘምራሉ፣ እርሳሱን ያነሣሉ፣ ደብተሩን ያስቀምጣሉ፤ መምህሩም በመካከላቸው እየተዘዋወረ ሥራውን ይመራል። ሬዲዮው ምስል ስላልነበረው የልጆቹን እጅና የክፍሉን ዕቃ መዋስ ግድ ሆነበት። ጉድለቱ ጠቀመው።

ፕላዝማ ይህ ጉድለት አልነበረበትም። በ1996 እና በ1997 ዓ.ም. በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተዘረጋው ይህ ፕሮግራም በዚያን ጊዜ በአፍሪካ በዓይነቱ ከታላላቆቹ የሚቆጠር ነበር። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛና ሥነ ዜጋ በደቡብ አፍሪካ ተቀርጸው፣ ከአዲስ አበባ በሳተላይት ተሠራጭተው፣ ወደ 450 ለሚጠጉ ትምህርት ቤቶች በአንድ ሰዓት ይደርሱ ነበር። ሐሳቡ መሠረተ ቢስ አልነበረም፤ ይህን ባልናገር ሐቀኛ አልሆንም። የተማረ መምህር በማይገኝበት በረሐም ሆነ በደጋው ጫፍ ያለ ተማሪ የአዲስ አበባው ልጅ የሚያየውን ያያል። ላቦራቶሪ የሌለው ትምህርት ቤት የአሲድና የቤዝ ሙከራን በዓይኑ ይመለከታል። የእኩልነት ሐሳብ ነው። ያን ጊዜ የተቃወሙትን ሁሉ «ለውጥ ጠል» ማለት ይቀናን የነበረውም ለዚህ ነው።

ክፍሉ ውስጥ የሆነው ግን ሌላ ነው። ከአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ 30 ደቂቃ ያህሉ የቴሌቪዥኑ ነበር፤ ለመምህሩ የቀረችው መግቢያና መዝጊያ፣ በድምሩ 10 ደቂቃ ገደማ ናት። ቋንቋው እንግሊዝኛ፣ አነጋገሩም ለጎጃም ልጅ ጆሮ እንግዳ። በታችኞቹ ክፍሎች በአማርኛ ተምሮ የመጣው የማቻከልና የደብረ ኤልያስ ገበሬ ልጅ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሳይተረጉም ሦስተኛው ያልፈዋል። ሥርጭቱ ቀጥታ በመሆኑ መመለስ የለም፣ ማቆም የለም። መብራት ከጠፋ ትምህርቱ ጠፋ፤ ሳተላይቱ የደብረ ማርቆስን መብራት አይጠብቅም። በአንድ ክፍል ከ60 በላይ ተማሪ ስለሚቀመጥ የኋላው ወንበር ከምስሉ ብልጭታ በቀር አይደርሰውም።

ከሁሉ ይልቅ በአእምሮዬ የቀረችው ግን በስክሪኑ ጥግ ላይ ወደ ኋላ የምትቆጥረው ሰዓት ናት። አቅራቢዋ ፈገግ ብላ ተግባር ታዝዛለች፤ ከጓደኞቻችሁ ጋር ሥሩት ትላለች፤ ሁለት ደቂቃ ትሰጣለች። እንግዲህ አስቡት። ልጆቹ ጥያቄውን ለመረዳት ወደ መምህሩ ዞር ይላሉ፣ መምህሩ መተርጐም ይጀምራል፣ ሰዓቷ ወደ ዜሮ ትደርሳለች፣ አቅራቢዋም «በጣም ጥሩ!» ብላ መልሱን ታነብባለች። ማን ምን ስለ ሠራ ነው በጣም ጥሩ የሆነው? በጋራ መማር በፕሮግራሙ ውስጥ ነበረ፤ ቦታው ግን ሁለት ደቂቃ ነበር፤ የሁለቱ ደቂቃ ባለቤትም ክፍሉ ሳይሆን መሣሪያው ነው። ፔንዱለም ሲወዛወዝ በስክሪኑ ላይ እናያለን። ከግድግዳው ማዶ ባለው በተቆለፈው ክፍል ውስጥ ክርም ድንጋይም ነበረ።

እዚህ ላይ ትንሽ ወጣ ብዬ ልመለስ። ከደቡብ አፍሪካ ሁለት ነገር ሊመጣልን ይችል ነበር ብዬ አንዳንድ ጊዜ አስባለሁ። ሲይሞር ፓፐርት እ.ኤ.አ. በ1928 በፕሪቶሪያ የተወለደ፣ በጄኔቭ ከዣን ፒያዤ ጋር የሠራ፣ ኋላም በአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. ያስተማረ የሒሳብ ሊቅ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) ከባልደረቦቹ ጋር ለልጆች የሚሆን ሎጎ የተባለ የኮምፒዩተር ቋንቋ ሠራ። ቋንቋው ወለል ላይ የምትንቀሳቀስና መስመር የምትሥል «ኤሊ» ያዝዝ ነበር። ልጁ ኤሊዋ አራት ማዕዘን እንድትሥል ከማዘዙ በፊት ተነሥቶ ራሱ በእግሩ ይሄደዋል፤ ወደ ፊት፣ ወደ ቀኝ 90 ዲግሪ፣ ወደ ፊት። ጓደኛው ይመለከተዋል፣ ተሳስተሃል ይለዋል፣ ይከራከራሉ። ስሕተቱ ለቅጣት ሳይሆን ለምርመራ ይውላል። ከዚህ ሐሳብ ዘር ነው በኋላ የሌጎ ሮቦቶችም ሆኑ በዚያው ተቋም ሂሮሺ ኢሺይ እ.ኤ.አ. በ1997 ያቀረበው፣ ኮምፒዩተርን በእጅ ከሚጨበጥ ቁስ ጋር የማዋሐድ ትልም ቤተሰብ የሆኑት። የፓፐርት ኮምፒዩተር ልጁን እንዲያዝዝ ሳይሆን በልጁ እንዲታዘዝ የተሠራ ነው። እኛ ጋ የመጣው ግን ተገላቢጦሹ ሆነ።

አዎን፣ የፓፐርት ሐሳብ ቅርንጫፍም አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ደርሷል። በ2000 እና በ2001 ዓ.ም. «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» ከተባለው ዓለም አቀፍ ንቅናቄ 5 ሺህ ያህል አረንጓዴና ነጭ ትንንሽ ላፕቶፖች ለኢትዮጵያ ሕፃናት ተሰጡ፤ እርስ በርሳቸው ያለ ኢንተርኔት እንዲገናኙ ሁለት ጆሮ መሰል አንቴና ነበራቸው። ልጆቹ ወደዷቸው። መምህራኑ ግን በቂ ሥልጠና ሳያገኙ በክፍላቸው የተነሣውን ግርግር እንደ ጨዋታ ቆጠሩት፤ ላፕቶፑ ከደብተሩና ከመጽሐፉ ጋር ምን ዝምድና እንዳለው የነገራቸው አልነበረም። ነገሩ ሳይስፋፋ ቀረ። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ የዚያው ድርጅት ሰዎች በወንጪና በወለንጪቲ ገጠር ለየመንደሩ ሃያ ያህል ታብሌት በሣጥን አስቀምጠው ሄዱ፤ መምህርም መመሪያም አልነበረም። መሥራቹ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ልጆቹ በወራት ውስጥ የተቆለፈውን የታብሌቱን ካሜራ እንደከፈቱ ለዓለም ተናገረ። ዓለምም አጨበጨበ። የልጆቹ ብልኅነት አያስደንቀኝም፤ የገጠር ልጅ የማይፈታው ቋጠሮ የለም። የሚያስደንቀኝ ፕላዝማው በጉልበት ያደረገውን ይህኛው በፍቅር ማድረጉ ነው፤ ሁለቱም መምህሩን ከክፍሉ ለማስወጣት የታሰቡ ናቸው።

በአንጻሩ ከመምህር እጅ የወጣ አንድ ሥራ አለ። በ1999 ዓ.ም. መግቢያ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የጀመረው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ነው። የአንደኛ ደረጃ መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር በቤቷ ያዘጋጀችው ይህ ፕሮግራም ዋና ገጸ ባሕርይ ቀጭኔ ናት፤ ቀጭኔዋም የተሠራችው ከካልሲ ነው። የፕላዝማው በጀት የት፣ ካልሲዋ የት! ሆኖም ፕሮግራሙን ያየ ሕፃን የራሱን ካልሲ በእጁ አጥልቆ ማናገር ይችላል። ከስክሪኑ ወደ እጅ የሚወስድ መንገድ ነበረው።

ወደ ጎጃም ልመለስ። በ2004 እና በ2005 ዓ.ም. ገደማ ተማሪዎችን በአምስት በአምስት ማደራጀት ግዴታ ሆነ። አንድ ለአምስት። በወረቀት ሲታይ የፈለግነው ይኸው ነበር፤ ትንሽ ቡድን፣ ጎበዙ ደካማውን ይዞ፣ በጋራ መሥራት። አንዳንድ ቦታ በእርግጥ ጠቅሟል፤ በተለይ ሴት ተማሪዎች በትልቁ ክፍል የማይጠይቁትን በአምስቱ መካከል ይጠይቁ እንደነበር መምህራን ይመሰክራሉ። ዳሩ ግን ያው አደረጃጀት በዚያው ዓመት በገበሬው ቀበሌም፣ በመንግሥት ሠራተኛው ቢሮም ነበረ። ሁሉም ለምን እንደ ተደራጀ ያውቀው ነበር። የቡድን መሪው የተማሪውን ሥራ ሳይሆን ስም ይመዘግባል፤ መዝገቡ ወደ ተጠሪው፣ ከተጠሪው ወደ ርእሰ መምህሩ፣ ከርእሰ መምህሩ ወደ ወረዳ ይሄዳል። የቅኔ ቤቱ አስነጋሪ በችሎታው ታውቆ፣ የሰማውን እዚያው አቃንቶ የሚመልስ ነበር፤ የአንድ ለአምስቱ መሪ ግን የሰማውን ወደ ላይ እንዲያደርስ ይጠበቅበታል። ከዚያ በኋላ «በጋራ መማር» የሚለው ሐረግ ራሱ በብዙ ተማሪ ጆሮ የስብሰባ ቃል ሆኖ ቀረ። አንድን መልካም ልማድ ለማጥፋት ከመከልከል ይልቅ ማስገደድ እንደሚበልጥ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። የሚሰጠው ሥራ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መልመጃ መገልበጥ ነበር። አምስት ሰው አንድ ጽሑፍ ለመገልበጥ መተባበር አያስፈልገውም፤ አንድ ፔንዱለም ለመለካት ግን ያስፈልገዋል። አንዱ ክሩን ይይዛል፣ አንዱ ይለቅቃል፣ አንዱ ይቆጥራል፣ አንዱ ሰዓት ያያል፣ አንዱ ይጽፋል።

የዚህ ሁሉ ውጤት በአንድ ቁጥር አይገለጥም፤ ግን ቁጥሩን አለማንሣትም አይቻልም። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ናቸው፤ 3.3 በመቶ። በተከታዩ ዓመት 3.2 በመቶ ሆነ። ጥፋቱ ሁሉ የፕላዝማ ነው የሚል ሞኝ የለም። ነገር ግን እነዚያን ተማሪዎች ካስተማሩት መካከል ብዙዎቹ ራሳቸው ፊዚክስን በስክሪን ላይ ብቻ ያዩ፣ በእጃቸው ምንም ሳይነኩ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የወጡ የፕላዝማው ዘመን ልጆች ናቸው። ያልነካ መምህር እንዴት ያስነካል?

ዛሬ ብዙዎቹ ስክሪኖች ሥራ አቁመዋል። በምትካቸው አዳዲስ ስሞች መጥተዋል፤ «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለው ስትራቴጂ በ2012 ጸደቀ፣ በ2016 ደግሞ አምስት ሚሊዮን ኮደሮችን የማፍራት ዘመቻ ታወጀ። በጎጃም ግን ጥያቄው ሌላ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ በነበረው ጦርነት እጅግ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ተቋርጦ ነበር። ስለ ዲጂታል ትምህርት የሚወያየው አዲስ አበባና በሩ የተዘጋው የጎጃም ትምህርት ቤት በአንድ የትምህርት ሚኒስቴር ሥር ናቸው።

ከጦርነቱ ጥቂት ወራት በፊት አንድ የማውቀው የፊዚክስ መምህር ያደረገውን ልንገራችሁ። ስሙንም ትምህርት ቤቱንም አልጠቅስም፤ ስልክ ይዞ ክፍል መግባት እዚያ ክልክል ነበርና። በጀርመን አገር የአኸን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ያዘጋጁት ፊፎክስ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ በስልኩ ውስጥ ያሉትን መለኪያዎች ለፊዚክስ ሙከራ ይጠቀምባቸዋል። መምህሩ ይህን በስልኩ ላይ ጭኖ፣ ስልኩን በአሮጌ ካልሲ ከትቶ፣ ካልሲውን በሲባጎ አስሮ ከጣሪያው አግዳሚ ላይ አንጠለጠለው። ስልኩ ራሱ ፔንዱለም ሆነ፤ አንድ ጊዜ ሄዶ እስኪመለስ የፈጀበትንም ጊዜ ራሱ ይመዘግባል። ሲባጎው አንድ ሜትር ሲሆን ሁለት ሰከንድ ያህል፣ ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ሲያጥር አንድ ሰከንድ ያህል። ተማሪዎቹ በአራተኛው ክፍል ርዝመት ጊዜው በግማሽ ብቻ መቀነሱን አላመኑም፤ ደግመው አሳጠሩት፣ ደግመው ለኩት። ከዚያ ያልታሰበ ጠብ ተነሣ። የሲባጎው ርዝመት የሚለካው እስከ ካልሲው ጫፍ ነው ወይስ እስከ ስልኩ መሐል? ገሚሱ ጫፍ አለ፣ ገሚሱ መሐል አለ፤ አንዷ ልጅ ሁለቱንም ለክተን የትኛው ከመጽሐፉ ቀመር ጋር እንደሚስማማ እንይ ብላ ተነሣች። መምህሩ ጥግ ይዞ ቆሞ ነበር። መልሱን ሳይነግራቸው ደወል ተደወለ፤ እነርሱም በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ሊጨርሱት ሲባጎውን ከአግዳሚው ላይ ሳይፈቱ ወጡ።

ትምህርት ቤቱ በ2016 አልተከፈተም።